«ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ አይከሰስም» እውነት ነው? የወጣት ጥፋተኞች ሕግ ከአንደኛው በር እስከ መጨረሻው

የሜሪላንድዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና እየተጠጣ የመኪና ሌብነት ሳይነሣ የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። የአንዱ ኪያ መስታወቱ ተሰብሮ አድሯል። የሌላው ሂዩንዳይ ከአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ጠፍቶ ሌላ ሰፈር ተጥሎ ተገኝቷል። ከዚያ አንዱ ሲኒውን ያስቀምጥና «ምን ዋጋ አለው? ሜሪላንድ ውስጥ እኮ ልጅ አይከሰስም» ይላል። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ደግሞ አትስማማም። የምታውቃት እናት የ16 ዓመት ልጇ እንደ አዋቂ ተከሶባታል።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ስቴት ነው። ሁለቱም ወሬ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ግራ የሚያጋባው ሕጉ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። በ2022 ተሻሻለ፣ በ2024 እንደገና ተነካ። ከሁለቱም ጎን ለጎን ደግሞ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅ ለምን የራሱ ፍርድ ቤት ኖረው?

የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት የተከፈተው በ1899 ቺካጎ ውስጥ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዳኛው ቀጪ ሳይሆን እንደ አባት ይሁን። «ምን አጠፋ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ልጅ ምን ቢደረግለት ይስተካከላል?» ብሎ ይጠይቅ።

ደግ ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ አባቱ ፊት ጠበቃ ይዞ የሚቀርብ ልጅ የለም።

ያ ምን ሊያመጣ እንደሚችል በጄራልድ ጎልት ታየ። በ1964 አሪዞና ውስጥ ነው። የ15 ዓመቱ ጄራልድ ለአንዲት ጎረቤት ስልክ ደውሎ ጸያፍ ነገር ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። እናትና አባቱ ሥራ ላይ ነበሩ። ፖሊስ ልጁን ሲወስድ ቤቱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልተወም። እናቱ ማታ ከሥራ ስትገባ ልጇ የለም። ታላቅ ወንድሙን ፈልገው ብላ ላከችው፤ መያዙን የሰሙት እንደዚያ ነው። ከሳሿ ጎረቤት ዳኛው ፊት አንድም ቀን አልቀረበችም። ጠበቃም አልነበረም። ዳኛው ልጁ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ ማረሚያ ትምህርት ቤት ሊቆይ በሚችልበት ሁኔታ ወደዚያ ላከው። በዚያው ጥፋት አዋቂ ሰው ቢከሰስ ትልቁ ቅጣት 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስር ነበር።

በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ልጅም ቢሆን የተከሰሰበትን ነገር አስቀድሞ የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ ምስክር የመጠየቅና ዝም የማለት መብት አለው አለ። በ1970 ደግሞ ልጅን ጥፋተኛ ለማለት ልክ እንደ አዋቂው ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ወሰነ። ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች፣ ግን የግድ አያስፈልግም አለ፤ ይህ በ1971 ነው። ዛሬም ሜሪላንድ ውስጥ የልጅን ጉዳይ የሚሰማው ዳኛ ብቻውን ነው።

ዛሬ የሚሰማው ክርክር ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው። ፍርድ ቤቱ አባትም ዳኛም መሆን ይፈልጋል። አንዱ ሲያይል ሌላው ይጮኻል።

ልጅ ሲያዝ ምን ይሆናል?

በምሳሌ እንየው። ልጁን ናቲ እንበለው፤ የፈጠርኩት ልጅ ነው። 15 ዓመቱ ነው፣ የሚኖረው ዊተን። እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተገኘ። እናቱ የሌሊት ሽፍት ላይ ናት። ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ እንዳለ ነው፤ ወይ ይታሰራል ወይ ይለቀቃል። እውነቱ ግን በር በበር ነው። በየበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል።

የመጀመሪያው በር ላይ ፖሊስ አለ። ፖሊሱ ናቲን ለቤተሰቡ አስረክቦ ወረቀቱን ወደሚቀጥለው በር ሊልክ ይችላል። ወይም ማቆያ ይግባልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መጠየቅ ነው እንጂ መወሰን አይደለም። ልጁ ማቆያ ይግባ አይግባ የሚለውን መጀመሪያ የሚያየው የስቴቱ የወጣቶች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ሰዉ በአጭሩ ዲጄኤስ ይለዋል። ሠራተኛው የልጁን ታሪክና የተጠረጠረበትን ነገር በነጥብ መዝኖ ይወስናል። ልጁ ከገባ ደግሞ ዳኛ በቶሎ ማየት አለበት። ማቆያ ቅጣት አይደለም። ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ያለ ቦታ ነው።

ሁለተኛው በር ኢንቴክ ይባላል። ከሁሉም በሮች ይህንን ነው ሰው የማያውቀው። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኟትን ነርስ አስቡ። አታክምም፤ ማን ወዴት እንደሚሄድ ትለያለች። የኢንቴክ ሠራተኛውም እንደዚያው ነው። ናቲንና እናቱን ጠርቶ ያነጋግራል። ትምህርት ቤት እንዴት ነው? ከዚህ በፊት ተይዞ ያውቃል? ቤት ውስጥ ምን አለ? ከዚያ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። ፋይሉን መዝጋት አንድ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት መጨረስ ነው፤ ልጁ ለምሳሌ ለ90 ቀን ክትትል ይደረግበታል፣ ምክር ይወስዳል፣ የበደለውን ይክሳል። ሦስተኛው «ይህ ፍርድ ቤት ይሂድ» ብሎ ማሳለፍ ነው።

ፖሊስ የያዘው ልጅ በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ሲዞር ሲታይ «ለቀቁት!» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ በር ላይ ነው። ልጁ ግን አልተለቀቀም። በሌላ በር ነው የገባው። የኢንቴክ ሠራተኛው ዐቃቤ ሕጉን ሳይጠይቅ ምን ያህል ብቻውን መወሰን ይችላል የሚለው ደግሞ የስቴቱ ምክር ቤት በሚቀመጥበት አናፖሊስ ውስጥ ካጨቃጨቁት ነገሮች አንዱ ነው።

ሦስተኛው በር ላይ ዐቃቤ ሕግ ቆሟል። ማስረጃው ይበቃል ካለ ለፍርድ ቤት ፔቲሽን ያስገባል። በአዋቂው ዓለም ይህ ክስ ይባል ነበር።

አራተኛው በር ዳኛው ነው። ችሎቱ ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው ይጣራል። በሁለተኛው ምን ይደረግ የሚለው ይወሰናል። ልጁ ቤቱ ሆኖ በፕሮቤሽን፣ ማለትም በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር እንዲቆይ ሊታዘዝ ይችላል። ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ተሰጥቶ ከቤቱ ውጪ፣ ተቋም ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የልጆች ፍርድ ቤት ሥልጣን ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ «18 ሲሞላው ነጻ ይወጣል» የሚባለው ትክክል አይደለም።

በ2022 ምን ተቀየረ?

የስቴቱ ምክር ቤት በ2019 ጉዳዩን የሚያጠና አንድ ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። ጉባኤው ምክረ ሐሳቡን በ2021 መጀመሪያ አቀረበ። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ2022 ሕግ ሆነ።

ዋናው ለውጥ ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት የሜሪላንድ ሕግ «ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ፍርድ ቤት አይቀርብም» የሚል መስመር አልነበረውም። ሕፃን ልጅ፣ ገና ማንበብ የጀመረ፣ ዳኛ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። (የእኛ አገር የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን አይከስም። በ1957ቱ ሕግም በ2004ቱም እንደዚያው ነው። እንዲህ ባለ ነገር አሜሪካንን የምንቀድም አይመስለንም እንጂ እንቀድም ነበር።)

በአዲሱ ሕግ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ከ10 እስከ 12 ያለው የሚቀርበው ሕጉ የኃይል ወንጀል ብሎ በዘረዘራቸው ከባድ ድርጊቶች ብቻ ነው። 13 ከሞላው በኋላ ግን እንደ ድሮው በማንኛውም ወንጀል ይቀርባል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ልጅ አይከሰስም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ሕጉ ያለው «ከ13 በታች ያለ ልጅ በአብዛኛው አይከሰስም» ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ከ13 በታች» የምትለዋ መንገድ ላይ ወደቀች። የኛ ናቲ 15 ዓመቱ ነው። ይህ ለውጥ አይነካውም።

ሁለተኛው ለውጥ ፕሮቤሽን ነው። ድሮ ገደብ አልነበረውም። በ2022ቱ ሕግ ለቀላል ወንጀል መነሻው 6 ወር፣ ለከባድ ወንጀል 1 ዓመት ሆነ፤ አስፈላጊ ሲሆን ይራዘማል። ለምን? ክትትል በረዘመ ቁጥር ልጅ የሚሳሳትበት ቀን ይበዛል። ቀጠሮ ያመልጠዋል፤ ሰዓት እላፊ ያሳልፋል። ከዚያ መኪና ስለሰረቀ ሳይሆን ማክሰኞ ቀጠሮው ላይ ስላልተገኘ ከቤቱ ይወሰዳል። ሕጉ ይህንንም ነካው። ልጅ የክትትል ደንብ ስለጣሰ ብቻ ወደ ተቋም እንዳይላክ፣ በአብዛኞቹ ቀላል ወንጀሎችም ከቤቱ እንዳይወሰድ አጠበበ።

የተቋማቱ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ያለው የቸልተናም ማቆያ ሥሩ በ1870 ለጥቁር ልጆች ብቻ ተብሎ ከተቋቋመ «የማረሚያ ቤት» ይመዘዛል። ነጭ ልጆች ሌላ ቦታ ነበራቸው። ዛሬም ማቆያውን የሚሞሉት ልጆች የየትኛው ቆዳ ናቸው የሚለው ጥያቄ ከተሐድሶው ምክንያቶች ፊተኛው ነው። ከእኛ ቤት የሚወጣ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ሐበሻ ተብሎ አይለይም። ጥቁር ልጅ ነው።

ፖሊስ ልጄን ለምን ዝም ብሎ አይጠይቀውም?

በዚያው ዓመት ሌላ ሕግም ወጣ። የልጆችን የፖሊስ ምርመራ የሚመለከት ነው። በወቅቱ ገዥ የነበሩት ላሪ ሆገን ሕጉን አልቀበልም ብለው መለሱት፤ ይህ ቪቶ ይባላል። ምክር ቤቱ ቪቶውን ሽሮ አጸደቀው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል።

ሕጉ የሚለው ይህ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቁጥጥር ሥር ከዋለ፣ ፖሊስ ከመመርመሩ በፊት ልጁ ከጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት። በአካል ሊሆን ይችላል፤ በስልክ ወይም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል። ንግግሩ ምስጢር ነው። ጠበቃው የሚመጣው ከስቴቱ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ነው፤ ለዚሁ ሌሊትም ቀንም ስልክ የሚያነሣ ሰው አለ። ወላጅም እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ፖሊስ ይህን ሳያደርግ ልጁ የተናገረው ቃል ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ተቀባይነት እንደሌለው ግምት ይወሰዳል። ሌላው ሰው ላይ አደጋ የሚያስከትል አስቸኳይ ነገር ሲኖር የተወሰነ ጥያቄ ይፈቀዳል።

አዋቂ ሰው «ጠበቃ አልፈልግም» ማለት ይችላል። ልጅ ግን አይችልም። ልብ በሉ፣ ወላጁም ልጁን ወክሎ «ይቅርበት» ማለት አይችልም።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለእኛ የተጻፈች ይመስለኛል። የናቲን እናት እንያት። ስልኳን ከሎከር አውጥታ አራት ያመለጧት ጥሪዎች ታያለች። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ፖሊስ ጣቢያ ትደርሳለች። መጀመሪያ የምትለው ምንድን ነው? «ናቲ፣ እውነቱን ተናገር! ይቅርታ ጠይቃቸው!» ያደግነው እንደዚያ ነው። ያጠፋ ልጅ ጥፋቱን ያምናል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገር ይበርዳል። እዚህ ግን ጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰውዬ ሽማግሌ አይደለም። ናቲ እናቱ ፊት የሚለው ነገር ፋይል ውስጥ ይገባል። ዝም ማለቱ ክህደት ወይም ድፍረት አይደለም። ጠበቃው እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

ተቃዋሚዎች አሉ። አንዳንድ ዐቃቤ ሕጎችና ፖሊሶች፣ «ጠበቃ ልጁን የሚመክረው ዝም በል ብሎ ነው፤ ምርመራ ቆመ» ይላሉ። የባልቲሞሩ ዋና ዐቃቤ ሕግ አይቫን ቤትስ ከሕጉ ተቺዎች አንዱ ናቸው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ልጆች ሲፈሩ ያላደረጉትንም አድርገናል እንደሚሉ ያነሣሉ። የ15 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይህንን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም።

ሕጉ ግን መንገድ ላይ የሚደረግን ጭውውት ሁሉ አይከለክልም። ልጁ በቁጥጥር ሥር ካልዋለ፣ ትቶ መሄድ ከቻለ፣ ፖሊስ ሊያናግረው ይችላል። ልጁም «እናቴን እስካገኝ አልናገርም» ማለት ይችላል።

ታዲያ በ2024 ለምን እንደገና ተነካ?

ሕጉ የወጣበት ጊዜ አልረዳውም። በ2022 በቲክቶክ አንዳንድ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች እንዴት በቀላሉ እንደሚሰረቁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተሰራጩ። መኪኖቹ ሞተር የሚቆልፈው መሣሪያ አልነበራቸውም። ልጆች እንደ ጨዋታ ያዙት። በዚያው ዓመት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ኦገስት በግድያ የከፋ ወር ሆነ። የካውንቲው መሪ የነበሩት አንጄላ አልሶብሩክስ በሴፕቴምበር የልጆች ሰዓት እላፊ እንዲከበር አዘዙ።

ፖሊሶች አንድ ነገር ደጋግመው ማንሣት ጀመሩ። የ12 ዓመት ልጅ በተሰረቀ መኪና ይያዛል። መኪና መስረቅ የኃይል ወንጀል ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ልጁ አይከሰስም። ወደ ቤቱ ይወሰዳል። በሳምንቱ ሌላ መኪና ውስጥ ይገኛል።

ይህ ቅሬታ እውነት አለው። ቀዳዳው ነበር። ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። በእነዚያ ዓመታት የመኪና ስርቆት የጨመረው በመላው አሜሪካ ነው፤ የልጆች ሕጋቸውን ምንም ያልነኩ ስቴቶችም ውስጥ ጭምር። የኪያውን መስታወት የሰበረው የሜሪላንድ ሕግ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የ12 ዓመቱን ልጅ ግን ማንም የሚይዝበት እጀታ አልነበረውም።

በ2024 ምክር ቤቱ ለዚህ መልስ ፈለገ። ገዥው ዌስ ሙር በሜይ ፈረሙበት፤ አብዛኛው ክፍል በኖቬምበር ሥራ ላይ ዋለ። ከ10 እስከ 12 ያሉ ልጆች የሚቀርቡበት ዝርዝር ሰፋ። የጦር መሣሪያ፣ አንዳንድ የወሲብ ጥቃትና በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ከባድ ጭካኔ ተጨመሩ። የፕሮቤሽን ጊዜም ረዘመ።

ለመኪናው ልጅ ደግሞ መካከለኛ መንገድ ተቀየሰ። ከ13 በታች ሆኖ መኪና የሰረቀ ልጅ እንደ ወንጀለኛ አይከሰስም። ነገር ግን «ቁጥጥር የሚያስፈልገው ልጅ» ተብሎ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕጉ ያስገድዳል። ይህ መንገድ ድሮም ነበር። ከትምህርት ቤት ለሚጠፋ፣ ከቤት ለሚኮበልል ልጅ ነው የተሠራው። ዳኛው ምክር፣ ሕክምና፣ ክትትል ማዘዝ ይችላል። ብዙ ሰው ረስቶት ነበር፤ አሁን ለመኪና ስርቆት ግዴታ ሆነ። አጥብቀው የሚቀጡትም የሚራሩትም እኩል አልተደሰቱበትም።

የምርመራው ሕግ፣ ያ ጠበቃ ይቅረብ የሚለው፣ በዚህ ለውጥ አልተነካም።

እንደ አዋቂ የሚከሰሱት እነማን ናቸው?

አሁን ወደ ሴትዮዋ ወሬ እንምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ከእነዚህ በሮች ሁሉ ጎን ለጎን ሌላ በር ሲሠራ ኖሯል። በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ያስገባል። 14 ዓመት የሞላው ልጅ የዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ከተከሰሰ፣ ወይም 16 የሞላው ልጅ ሕጉ በዘረዘራቸው ሌሎች ከባድ ወንጀሎች ከተከሰሰ፣ ጉዳዩ የሚጀምረው እንደ አዋቂ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ በመሣሪያ መዝረፍ፣ ሰውን አስገድዶ መኪናውን መንጠቅና አንዳንድ የሽጉጥ ወንጀሎች ነበሩ። ኢንቴክ የለም። የሚመዝን ነርስ የለም። ወሳኙ ክሱ ላይ የተጻፈው ቃል ነው።

ስለዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የነበረ መኪና መስረቅና ሾፌሩን አስፈራርቶ መንጠቅ ለ16 ዓመት ልጅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱ ሮክቪል የልጆች ችሎት ያስገባል። ሌላው ስሙን በአደባባይ ያወጣዋል።

በአዋቂዎች ፍርድ ቤት የተከሰሰ ልጅ ጠበቃ ጉዳዩ ወደ ልጆች ፍርድ ቤት ይመለስ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ዳኛው ዕድሜውን፣ የአእምሮና የአካል ሁኔታውን፣ በእርዳታ የመስተካከል ዕድሉን፣ የወንጀሉን ዓይነትና የሕዝቡን ደኅንነት ያያል። እስኪወስን ግን ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ጥናቱን ያካሄደው ጉባኤ ይህ በቀጥታ የማስገባት አሠራር እንዲቀር መክሮ ነበር። በ2022ቱ ሕግ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይነሣል። ምክር ቤቱ በየጃንዋሪው ለ90 ቀን ሲቀመጥ ዝርዝሩ ሊነካካ ስለሚችል፣ ጉዳይ የገጠመው ሰው የቅርቡን ከጠበቃ ይስማ።

አንድ ሌላ ለውጥም አለ። በ2021 ሜሪላንድ ከ18 ዓመቱ በፊት ለፈጸመው ወንጀል ማንንም ያለ አመክሮ ተስፋ ዕድሜ ልክ ማሰርን ከለከለች። በልጅነታቸው ተፈርዶባቸው 20 ዓመት የታሰሩም ፍርዳቸው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ቻሉ።

ግሪን ካርድ ወይም ሲቲዝንሺፕ ላይ ችግር ያመጣል?

ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በ2000 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ በልጆች ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። በአዋቂዎች ፍርድ ቤት የተሰጠ ፍርድ ግን፣ ልጁ 16 ዓመቱ ቢሆንም፣ ሊቆጠር ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ልጅ ከእስሩ ርዝመት ይልቅ የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው ሊከፋ የሚችለው ለዚህ ነው። የልጆች ፍርድ ቤትም ቢሆን ሁሉን አያጥብም። በተለይ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ነገር ፍርድ ባይኖርም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የልጁ ተከላካይ ጠበቃ ዜጋ አለመሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። ራሱ ላይጠይቅ ስለሚችል እናንተ ንገሩት።

የልጆች ፍርድ ቤት ፋይል ለማንም ክፍት አይደለም። «18 ሲሞላው በራሱ ይጠፋል» የሚባለው ግን ስህተት ነው። እንዲታሸግ ወይም እንዲሰረዝ ማመልከት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤትም ሊያውቅ ይችላል። ልጁ የተያዘው ሕጉ ለትምህርት ቤት ይነገር ባላቸው ወንጀሎች ከሆነ ፖሊስ በ24 ሰዓት ውስጥ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ያሳውቃል።

ፍርድ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ አማርኛም አለ። እናትየው እንግሊዝኛ ብትችልም እንኳ የሕግ እንግሊዝኛ ሌላ ነውና ትጠይቅ። ናቲ ለራሱ ጉዳይ ለእናቱ አስተርጓሚ እንዳይሆን ደግሞ አደራ። የሚጎዳውን ቃል ሳይተረጉም እንደሚያልፍ ማንም ያውቃል።

ከዓመታት በኋላ ናቲ የሲቲዝንሺፕ ቅጹን ሲሞላ፣ «ተይዘህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ያገኛል። ጎረቤት «የልጅነት ነገር ነው፣ አይደለም በል» ሊለው ይችላል። ያ ሌሊት ከአሥር ዓመት በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን «ተፈርዶብህ ታውቃለህ?» ሳይሆን «ተይዘህ ታውቃለህ?» ነው። መልሱ «አዎ» ነው። ከጎኑ የዚያን ጊዜ የፍርድ ቤት ወረቀት ይያያዛል። እናቱ ያንን ወረቀት የት እንዳስቀመጠችው ብታስታውስ ጥሩ ነው።